ስድስት ዓመት ተኩል የተጠበቀችው ሆርኔት

በኢትዮጵያ ከተሞች የጌም ቤት ደንበኛ የሆነ ወጣት «አዲሱ ክፍል ወጣ» የሚለውን ወሬ የሚለምደው ከእግር ኳስ ጌም ነው። ፊፋ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመት ሳይዘል አዲስ ክፍል ሲያወጣ ኖሯል። በ2023 ስሙ ወደ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ቢለወጥም በየዓመቱ መምጣቱ አልቀረም። ወላይታ ሶዶ ላይ ጆይስቲክ ይዞ ያደገ ልጅ አዲሱ ክፍል እጁ እስኪገባ አንድም ሁለትም ዓመት ሊያልፍበት ይችላል፤ መውጣቱን ግን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ጌም አለ። ሙሉ ስሙ «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» ነው። መታወጁን የሰማ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጌሙን የተጫወተው ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ምናልባትም ትዳር መሥርቶ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሠሪዎቹ አልከሰሩም፣ አልተጣሉም፣ ሥራውንም አልተዉትም። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? በመጨረሻ ሲመጣስ የጠበቁት ሰዎች ምን አገኙ? መልሱ የሚገኘው ታሪኩን ከመነሻው በቅደም ተከተል ስንከተል ነው።

ከአደላይድ የተነሱት ሁለት ሰዎች

አደላይድ የደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ናት። የጌም ኢንዱስትሪ ሲነሳ ስማቸው ከሚጠራው ከቶኪዮ፣ ከሎስ አንጀለስና ከሞንትሪያል ተርታ አትገባም። አሪ ጊብሰንና ዊሊያም ፔለን አብረው መሥራት የጀመሩት በዚህች ከተማ ነው። በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ሉደም ዴር በተባለ ውድድር ተሳተፉ። በዚህ ውድድር ተሳታፊዎች አንድ ርዕስ ይሰጣቸውና በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ጌም ሠርተው ያስረክባሉ። ሁለቱ ያቀረቡት «ሀንግሪ ናይት» የሚል ትንሽ ጌም ነበር። ነጭ ፊትና ሁለት ቀንድ ያለው ትንሽ ባላባት በረሃብ እንዳይሞት ነፍሳትን እየገደለ ቼሪ የተባለውን ፍሬ ይለቅማል። ቡድናቸው «ቲም ቼሪ» የተባለውም ከዚያ በመነሳት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ «ከወለል በታች» የሚል ርዕስ አወጣ። ሁለቱ ሐሳብ አሰቡ፣ ሥዕል ሣሉ፣ ነገር ግን ማስረከቢያው ቀን አመለጣቸው። ሐሳቡን ግን አልጣሉትም። ያ ትንሽ ባላባት ከመሬት በታች ወደተቀበረና ወደፈረሰ የነፍሳት መንግሥት ቢወርድ ምን ያገኛል? በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ይዘው ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ሕዝብ ፊት ቀረቡ። የጠየቁት 35,000 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፤ 2,158 ሰዎች 57,138 ዶላር አዋጡላቸው።

ይህ ገንዘብ ሲሰበሰብ አንድ ቃል ተገብቶ ነበር። መዋጮው ከታሰበው ካለፈ ተጫዋቹ ሌላ ገጸ ባሕርይም እየመራ እንዲጫወት ይደረጋል ተባለ። ገጸ ባሕርይዋ ቀይ ካባ የለበሰች፣ መርፌ እንደ ጦር የምትወረውር፣ ሐር የምትፈትል ሆርኔት ናት። ዓመታት የፈጀው መጠበቅ ሥሩ እዚህ ቃል ውስጥ ነው።

ከዚያ ሐሳብ የተወለደው የመጀመሪያው ጌም «ሆሎው ናይት» የካቲት 17 ቀን 2009 ዓ.ም. (24 ፌብሩዋሪ 2017) በ15 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ጌሙ ለተጫዋቹ መንገድ አያሳይም። ካርታ የሚፈልግ ኮርኒፈር የተባለውን ካርታ ሠሪ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ የእሱም ምልክቱ ከጨለማው ውስጥ የሚሰማው እንጉርጉሮና መሬት ላይ የተበታተኑት ወረቀቶች ናቸው። ተጫዋቹ ሲሞት ያከማቸው ገንዘብ ሁሉ በሞተበት ቦታ ከጥላው ጋር ይቀራል። ተመልሶ ጥላውን ካላሸነፈ ገንዘቡን አያገኝም፤ በመንገድ ላይ ደግሞ ከሞተ የመጀመሪያው ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። ክሪስቶፈር ላርኪን የደረሰው ሙዚቃ በዚያ በፈረሰ ከተማ ላይ እንደ ለቅሶ ይሰማል። ሆርኔት በዚህ ጌም ውስጥ የመንግሥቱ ጠባቂ ሆና ትገኛለች። ተጫዋቹ ገና በጉዞው መጀመሪያ፣ በአረንጓዴው ግሪንፓዝ፣ ከእሷ ጋር ይፋለማል፤ ብዙ ሰውም ደጋግሞ ተሸንፎላታል።

ስሙ የገነነው ቀስ በቀስ ነው። የተጫወተ ላልተጫወተ እየነገረ አዳረሰው። ሠሪዎቹም በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ተጨማሪ ክፍሎችን በነፃ ጨመሩለት። በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ወደ ኒንቴንዶ ስዊች ሲሻገር ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ገዛው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ቅኔ የተባለ ቡድን ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ» የተሰኘ የስልክ ጌም ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ጌም በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ብቻ የሚሠራ አለመሆኑ በየአገሩ እየታየ የመጣበት ዘመን ነው።

የተገባው ቃል ሲያድግ

ለሆርኔት የተገባው ቃል መጀመሪያ ተጨማሪ ክፍል ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው ሲጀመር አንድ ነገር ታየ። ሆርኔት እንደ ትንሹ ባላባት አትራመድም። ትፈጥናለች፣ ከፍ ብላ ትዘላለች፣ ጠርዝ ይዛ ትንጠለጠላለች። ለባላባቱ የተሠራው ጠባብ ዋሻ አይበቃትም። ስለዚህ ዓለሙ ሰፋ፤ ዓለሙ ሲሰፋ ደግሞ አዳዲስ ጠላቶች፣ አዳዲስ መንደሮችና አዲስ ታሪክ አስፈለገ። የካቲት 7 ቀን 2011 ዓ.ም. (14 ፌብሩዋሪ 2019) ቲም ቼሪ ነገሩ ከተጨማሪ ክፍልነት አልፎ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ጌም መሆኑን አሳወቀ። በ2014 ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ያለ ክፍያ እንደሚያገኙትም ተነገረ። የሚወጣበት ቀን ግን አልተጠቀሰም።

ታሪኩም ተሰማ። ሆርኔት ተማርካ ፋርሉም ወደተባለ ሩቅ አገር ትወሰዳለች። በዚያ አገር ተሳላሚ ነፍሳት በተራራ አናት ላይ ወዳለ የተቀደሰ ከተማ ይጓዛሉ። ገንዘባቸው የመቁጠሪያ ዶቃ ነው፤ ደወል በየስፍራው ይሰማል። የመጀመሪያው ጌም ወደ ጥልቁ የሚወርድ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ላይ የሚወጣ ነው። እንደ ግሸን ማርያም ያሉ አቀበቶችን ተሳላሚ ሆኖ የወጣ ኢትዮጵያዊ የዚህን ዓለም ሥርዓት ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ በተካሄደው ኢ3 በተባለው ትልቅ የጌም ትርኢት ጎብኚዎች ሁለት ቦታዎችን ተጫውተው አዩ። እንቅስቃሴው ያማረ፣ ሥዕሉ የተጠናቀቀ ይመስል ነበር። ያየው ሁሉ በዓመቱ ወይም ቢዘገይ በሁለተኛው ዓመት ይወጣል ብሎ አሰበ። በዚያው ትርኢት ላይ ኒንቴንዶ የ«ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ተከታይ በመሠራት ላይ መሆኑን አሳውቆ ነበር። ሁለቱ ጌሞች መጠበቅ የጀመሩት በአንድ ሰሞን ነው ማለት ይቻላል። የጠባቂዎቻቸው ዕጣ ግን ተለያየ።

የዝምታ ዓመታት

2020 እ.ኤ.አ. መጣ። ኮሮና ዓለሙን ቤት አስቀመጠው፤ ጌም የሚጫወተው ሰው በዛ፤ ከአደላይድ ግን ድምፅ አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ «ኤጅ» የተሰኘው የእንግሊዝ የጌም መጽሔት ሆርኔትን በሽፋኑ ይዞ ወጣ። በውስጡ ስለ አዳዲስ ጠላቶችና ስለ አጨዋወቱ ተተርኳል። ቀን ግን አሁንም የለም።

በዚያው ታኅሣሥ ወር ሌላ ትምህርት ተገኘ። ደጋግሞ የተራዘመው «ሳይበርፐንክ 2077» ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በብልሽት የተሞላ ነበር። ሶኒ ከሳምንት በኋላ ከመደብሩ አነሳው፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን መለሰ። የፖላንዱ ሠሪ ኩባንያ ስሙን ለመመለስ ዓመታት ፈጀበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። መዘግየትም በራሱ ዋስትና እንደማይሆን የሚያሳይ የቆየ ምሳሌ አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. የታወጀው «ዱክ ኑከም ፎርኤቨር» ከ14 ዓመት በኋላ በ2011 ወጣ፤ የጠበቁትን ሁሉ አሳዘነ። ሠሪዎቹ አዲስ ቴክኖሎጂ ባዩ ቁጥር ሥራውን እያፈረሱ እንደገና ሲጀምሩ ኖረው፣ በመጨረሻ የወጣው ከዘመኑ ኋላ የቀረ ነበር። የሲልክሶንግ ጠባቂዎች በእነዚህ ሁለት ፍርሃቶች መካከል ቆሙ።

2021 አለፈ። ትልቅ ኩባንያ አዳዲስ ጌሞችን የሚያሳይበት ቀን በመጣ ቁጥር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሆርኔትን ፍለጋ ያዩ ነበር። አንድ ወጣት በየቀኑ እየቀረበ የዕለቱን የሲልክሶንግ ዜና የሚናገርበት የዩቲዩብ ቻናል ከፈተ። አብዛኛውን ቀን የሚለው ያው ነው፤ ዛሬ አዲስ ነገር የለም። ይህን እያለ ዓመታት ዘለቀ፤ ተመልካችም አላጣም።

ሰኔ 12 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ባዘጋጀው የኤክስቦክስ ትርኢት ላይ ሆርኔት ታየች። ኩባንያው በዚያ ቀን የታዩት ጌሞች ሁሉ በሚቀጥሉት 12 ወራት ውስጥ እንደሚወጡ ገልጾ ስለነበር ጠባቂዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጥሩት ቀን አገኙ። ወራቱን ቆጠሩ። በግንቦት 2023 የቡድኑ ቃል አቀባይ ማቲው ግሪፊን በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ለማውጣት ታቅዶ እንደነበር፣ ጌሙ ግን በጣም እየሰፋ በመሄዱ ሥራው እንዳልተጠናቀቀ አሳወቀ። በዚያው ሳምንት፣ ግንቦት 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ የዜልዳ ተከታይ ወጣና በሦስት ቀን ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። እሱም ከ2022 የተራዘመ ነበር። ነገር ግን ኒንቴንዶ ሲያራዝም ቀድሞ ተናግሮ፣ አዲስ ቀን ሰጥቶ፣ በቀኑ አደረሰ።

የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። በወላይታ የዘመን መለወጫው ጊፋታ በመስከረም እስኪመጣ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ለሰንጋውና ለቅቤው ይቆጥባል። ቁጠባው የሚከብድ ቢሆንም ማንም አያማርርም፤ ሽማግሌዎች ቀኑን ቆጥረው እንደሚያሳውቁ ያውቃልና። ቀን ያለው ነገር ሲጠበቅ ዝግጅት ይሆናል። ቀን የሌለው ሲጠበቅ ደግሞ ተስፋና ቁጣ እየተፈራረቁ ሰውን ያደክሙታል። ከ2019 እስከ 2025 የሲልክሶንግ ጠባቂዎች ያሳለፉት ይህንን ነው። አንዳንዱ ተሳለቀ፣ አንዳንዱ ተናደደ፣ አንዳንዱም ጌሙ ጭራሽ የለም እስከማለት ደረሰ። በጥር 2025 ከሠሪዎቹ አንዱ በማኅበራዊ ገጹ ላይ የኬክ ፎቶ ቢለጥፍ ሰዎች ከኬኩ የሚወጣበትን ቀን ሊያነቡ ሞከሩ። ግሪፊን ወጥቶ ጌሙ በእርግጥ እንዳለ፣ እየተሠራ እንደሆነና እንደሚወጣ ማረጋገጫ መስጠት አስፈለገው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አደላይድ ላይ ምን ይሠራ ነበር? ጊብሰንና ፔለን በነሐሴ 2025 ለብሉምበርግ ጋዜጠኛ ሲያስረዱ የተሰማው ምክንያት ብዙዎች ከጠረጠሩት ፍጹም የተለየ ነበር። ችግር አልነበረም። ሥራው ደስ ይላቸው ነበር። የሠሩት ሁለቱና ፕሮግራመሩ ጃክ ቫይን ሆነው ነው፤ ሙዚቃው አሁንም የላርኪን ነው። አንዱ አዲስ ሐሳብ ሲያመጣ ሌላው እሺ እያለ ዓለሙን አሰፉት። ጊብሰን አዳዲስ ሥዕሎችን መሣሉን ካላቆመ ጌሙ 15 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ስለገባው መሣሉን ለማቆም ተገደደ። የመጀመሪያው ጌም 15 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጦ ስለነበር የገንዘብ ጭንቀት አልነበረባቸውም። የሚያጣድፍ አለቃም ሆነ ገንዘቡን የሚጠይቅ ባለሀብት አልነበረም። ሥራውን ያሳመረውም ያዘገየውም ይኸው ነፃነት ነው።

ሁለት ሳምንት

በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ኒንቴንዶ አዲሱን ስዊች 2 ሲያስተዋውቅ ሆርኔት ለጥቂት ሰከንድ ታየች፤ ከሥሯ «2025» የሚል ተጽፏል። በሜልቦርን የሚገኘው ኤሲኤምአይ ሙዚየም በመስከረም በሚከፍተው የጌም ዐውደ ርእይ ላይ ጎብኚዎች ሲልክሶንግን እንደሚጫወቱ አስታወቀ። በነሐሴ ደግሞ ጀርመን ኮሎኝ በተካሄደው ጌምስኮም ትርኢት ላይ ሰው ተሰልፎ ተጫወተ። በስተመጨረሻም ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. (21 ኦገስት 2025) ቀኑ ተነገረ። ጌሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ነሐሴ 29 ቀን፣ ይወጣል።

ስድስት ዓመት ተኩል ለጠበቀ ሰው ሁለት ሳምንት ምንም አይደለም። በዚያው ሰሞን ጌም ሊያወጡ ለተዘጋጁ ትናንሽ ቡድኖች ግን አስደንጋጭ ዜና ነበር። «ዲመንስኩል»፣ «ቤቢ ስቴፕስ»ና «ክሎቨርፒት» የተባሉት የራሳቸውን መውጫ ቀን ገፉት። ሆርኔት በወጣችበት ሳምንት ማንም ዞር ብሎ እንደማያያቸው ገብቷቸዋል። የዘገየው ጌም ሌሎችንም አዘገየ።

ቲም ቼሪ ሌላም ያልተለመደ ነገር አደረገ። የጌም ገምጋሚ ጋዜጠኞች አብዛኛውን ጊዜ ጌሙን ከሕዝብ ቀድመው ያገኛሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለማንም ቀድሞ አልተላከም። ገንዘብ ያዋጡትና ዓመታት የጠበቁት ሰዎች እያሉ ሌላው ቀድሞ መጫወቱ ልክ አልመሰላቸውም። ዋጋውም 19.99 ዶላር ብቻ ሆነ። ትልልቅ ኩባንያዎች ለአንድ ጌም 70 ዶላር በሚጠይቁበት ዘመን ይህ ዋጋ በራሱ ለጠባቂው የተከፈለ ካሳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነሐሴ 29፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዕንቁጣጣሽ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሽያጩ በመላው ዓለም በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ወዲያውም መደብሮቹ ተጨናነቁ። ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብር ክፍያ መቀበል አቃተው፤ የኒንቴንዶ፣ የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ መደብሮችም ተንገዳገዱ። ሦስት ሰው የሠራው ጌም የዓለምን ታላላቅ መደብሮች ለሰዓታት አንበረከከ። በመጀመሪያው ቀን በስቲም ላይ ብቻ ከ535 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲጫወቱ ተመዘገበ።

ይህ ቀን በወላይታ እንዴት ይታያል? ከሶዶ በስተምዕራብ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወስደው አቅጣጫ የምትገኘው ሃላሌ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ማዕከል ናት። ሃላሌ ያለ ወጣት በእጁ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ነው፤ ሲልክሶንግ ደግሞ ኮምፒውተር ወይም የጌም ማሽን ይፈልጋል። ኮምፒውተር ያለው ሶዶ ላይ ቢኖርም ወደ 8 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ማውረድ አለበት። ዋጋው 20 ዶላር መሆኑ ለአሜሪካዊ ርካሽ ቢሆንም፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በባንክ ምንዛሪ ከ2,700 ብር በላይ ይመጣል። ገንዘቡ ቢኖርም በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። የፕሌይስቴሽን መደብር ደግሞ ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ወጣት ጌሙ በአደላይድ የዘገየው አንድ ጊዜ፣ በምንዛሪ ሁለተኛ ጊዜ፣ በኢንተርኔት ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ነው። የብዙዎች የመጀመሪያ ትውውቅ ሌላ ሰው ሲጫወት በዩቲዩብ ማየት ይሆናል። ይህ ቅሬታ ለማሰማት ብቻ የተነሳ ነጥብ አይደለም። እነ ጊብሰን የሠሩትን ሥራ ዓይነት እዚህም መሥራት የሚችል ወጣት አለ፤ ጥሩ ሥራ ለመሥራት ደግሞ ጥሩ ሥራ በእጅ ነክቶ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሳምንት

የመጀመሪያው ስሜት አድናቆት ነበር። በእጅ የተሣለው ዓለም ሰፊ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል፣ ደወልና ድር ሰው እንደደከመበት ያስታውቃል። ተሳላሚዎቹ የየራሳቸው ዜማና የየራሳቸው እምነት አላቸው። የላርኪን ሙዚቃ ከቀድሞው የበለጠ ገዝፏል።

ሁለተኛው ስሜት ወዲያው ተከተለ፤ ጌሙ ከባድ ነው። ሆርኔት ስትጀምር አምስት ጭንብል የሚያህል ሕይወት አላት። የመጀመሪያው ጌም ጠላቶች ብዙውን ጊዜ በአንድ ምት አንድ ጭንብል ይወስዱ ነበር። እዚህ ገና ከመነሻው አካባቢ ሁለት የሚወስዱ ጠላቶች አሉ፤ ሦስት ጊዜ ከተመታች አበቃ። ቁስሏን ለማዳን ሐሯን በብዛት ማፍሰስ አለባት፤ ሲሳካ ሦስት ጭንብል በአንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ካልተሳካ ሐሩ በከንቱ ይባክናል። ከላይ ወደ ታች ስትመታም እንደ ባላባቱ ቀጥ ብላ አትወርድም፤ በሰያፍ ትወረወራለች። በመጀመሪያው ጌም ጣቱ የለመደ ተጫዋች እሾህ ላይ እየወደቀ እንደገና እንደ ጀማሪ መማር ግድ ሆነበት።

አንድ ቦታ ለይቼ ልጥቀስ። ሀንተርስ ማርች በተባለው አካባቢ ተጫዋቹ በሾሉ ድንጋዮችና በኃይለኛ ጉንዳኖች መካከል ረጅም መንገድ ያልፋል። በመጨረሻ አግዳሚ ወንበር ያያል። በዚህ ጌም ወንበር ማለት ዕረፍት ነው፤ ሲቀመጡበት ሕይወት ይሞላል፣ ሲሞቱም ከዚያ ይነሳሉ። ተጫዋቹ በእፎይታ ይቀመጣል፤ ወንበሩ ግን ወጥመድ ተደርጎበታልና ይመታዋል። ወጥመዱን የሚያጠፋው ቁልፍ በአቅራቢያው ተደብቋል፤ ዙሪያውን በጥንቃቄ የሚያይ ሰው ያገኘዋል። የተናደደው ብዙ ነው፤ እየሳቀ ለጓደኛው የነገረውም ብዙ ነው። የጌሙ ጠባይ በዚያ ወንበር ላይ ተጠቃሎ ይታያል። ዓለሙ ለተጫዋቹ አይራራም፤ ለአስተዋይ ግን ሁልጊዜ መውጫ ያስቀምጣል።

ክርክሩ ጋለ። አንዳንዱ ለማረፍ እንኳ የመቁጠሪያ ዶቃ መክፈል ማስፈለጉን ስስት አለው። ሌላው ደግሞ በድሃ ተሳላሚዎች ላይ የሚነግድ መንግሥት ታሪክ ስለሆነ ክፍያው የታሪኩ አካል ነው ሲል መለሰ። በቻይና የነበረው ቅሬታ ግን የተለየና የከረረ ነበር። ትርጉሙ እጅግ ያረጀና የተወሳሰበ ቻይንኛ በመሆኑ ብዙ ቻይናውያን በስቲም ላይ አሉታዊ አስተያየት ሰጡ። ግሪፊን ትርጉሙ እንደሚስተካከል ቃል ገባ። ሳምንት ሳይሞላም የመጀመሪያው ማሻሻያ ተነገረ። ሙርዊንግና ሲስተር ስፕሊንተር የተባሉት ሁለት ኃይለኛ ጠላቶች ትንሽ ቀለሉ፤ አንዳንድ ዋጋ ቀነሰ፤ ከአንዳንድ ሥራ የሚገኘው ዶቃም ጨመረ። ስድስት ዓመት ዝም ያለ ቡድን በስድስት ቀን ውስጥ ተጫዋቹን ሰምቶ መልስ ሰጠ።

እነ ጊብሰን ስለ ክብደቱ ሲጠየቁ የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነበር። ሆርኔት ከባላባቱ የበለጠች ተዋጊ ስለሆነች ጠላቶቿም መብለጥ ነበረባቸው፤ አንድ መንገድ ለከበደው ተጫዋች ደግሞ ሌላ መንገድ ክፍት ነው፣ ዞሮ ጠንክሮ መመለስ ይችላል። የገምጋሚዎች አማካይ ነጥብ ከ100 ውስጥ 90 አካባቢ ላይ አረፈ። ይህን ያህል በተጠበቀ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ማግኘት በጌም ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አልታየም።

ከዚያ ወዲህ

እስከ ታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲልክሶንግ ከሰባት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በዚያው ወር ቲም ቼሪ በባሕር ላይ የተመሠረተ ተጨማሪ ክፍል በ2026 በነፃ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። የዓለም ዓይን ደግሞ ወደ ሌላ ዘግይቶ ወደሚመጣ ተከታይ ዞሯል። አምስተኛው «ጂቲኤ» የወጣው በመስከረም 2013 እ.ኤ.አ. ነው። ስድስተኛው ለ2025 መጸው ታስቦ፣ ወደ ግንቦት 26 ቀን 2026 ተራዘመ፤ በኅዳር 2025 ደግሞ እንደገና ወደ ኅዳር 19 ቀን 2026 ተገፋ። ከቲም ቼሪ ጋር ያለው ልዩነት የጌሙ ሠሪ ሮክስታር ባራዘመ ቁጥር ምክንያቱንና አዲሱን ቀን አብሮ መናገሩ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። እነ ጊብሰን ጊዜ በመውሰዳቸው ልክ ነበሩ፤ የወጣው ሥራ ይመሰክርላቸዋል። ዝምታቸው ግን ጥፋት ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ «እየሠራን ነው፣ ደህና ነን» የሚል ሁለት መስመር ምንም ሳያስወጣቸው የሚሊዮኖችን ድካም ያቀልል ነበር። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ ጌም መሥራት ለምትመኙ ወጣቶች ከዚህ ታሪክ የምትወስዱት ብዙ ነው። ጌሙ የተጀመረው ከሎስ አንጀለስ ርቆ፣ በሁለት ሰዎች፣ ቀነ ገደቡ ካለፈበት የውድድር ሐሳብ ነው። ትንሽ ጀምሩ፣ አትቸኩሉ፣ የጀመራችሁትንም ሳትጨርሱ አትተዉ። ሰው መጠበቅ ሲጀምር ደግሞ የት እንደደረሳችሁ ንገሩት።